ቦሩ ሜዳ ላይ ሳይነገረኝ የቀረው መልስ

ደሴ የሄድኩት የሞተ ሰው ላነጋግር ነው። ሰውየው መሞታቸውን ደሴ ያውቃል፣ ገራዶ ያውቃል፣ ቦሩ ሜዳ ያውቃል። መቅረጸ ድምፁን ባትሪ ሞልቶ፣ ጥያቄውን አሰናድቶ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እየተንገላታ የሚመጣው እኔ ብቻ አላውቅም። አሁን ተመልሼ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስበው እንኳ ያናድደኛል። ያን መንገድ ለማታውቁት፣ ምናልባትም ለማትሄዱበት፣ እንደሆነው ልንገራችሁ።

የክርስትና ታሪክ በሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ “ቄስ ልትሆን ነው?” ይለኛል። አይደለም። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ የቤታችንም ነገር ነው እዚህ ትምህርት ውስጥ የከተተኝ። በድሮ ዘመን ቦሩ ሜዳ ላይ ሊቃውንት ተሰብስበው ስለ ክርስቶስ ልደት ተከራክረዋል፤ አንዱ ወገን ረታ፣ ሌላው ተረታ። የእኛ ቤት ከተረቱት ነው። አያት ቅድመ አያቶቻችን አፍረው ተመለሱ ይባላል፣ የሰፈራችን ሽማግሌዎችም እስከ ዛሬ ሲቀልዱ “የተረታው ቤት” ይሉናል። አባቴ ታዲያ ይህ ስም በተነሳ ቁጥር “እሺ ተረታን! ግን ምን ብለን መለስን?” ይላል። የሚመልስለት የለም። ያገኘኋቸው መጻሕፍት ሁሉ የረቺዎቹን ቃል ይዘዋል፤ የተረታ ሰው ቃል ተጽፎ ከተገኘም የጻፈለት የረታው ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ እንግዲህ በአጭሩ ይህ የአባቴ ጥያቄ ነው፤ ለአማካሪዬ ስል ብቻ ረጅም ርዕስ ሰጥቼዋለሁ።

መልሱን የሚያውቁ አንድ ሰው ነበሩ። የኔታ ወልደ ሚካኤል ቦሩ ሜዳ አጠገብ የሚኖሩ የመጽሐፍ መምህር ነበሩ። ክርክሩን ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉት በሦስት ክፍል ነው፤ የረቺዎቹ ቃል፣ የዳኞቹ ቃል፣ የተረቺዎቹ መልስ። ሁለቱን ባለፈው ጉዞዬ ቤታቸው ቁጭ ብለው ሰጥተውኛል። ሦስተኛውን ስጠይቃቸው ግን ሳቁብኝ።

“እሱ ተቀምጦ አይሰጥም። እነሱም ቆመው ነው የመለሱት፣ መምህሬም እዚያው ሜዳው ላይ አቁሞ ነው የሰጠኝ።”

ያን ጊዜ ክረምት ነበር፣ ሜዳው ጭቃ፣ እሳቸውም እግራቸውን ያማቸዋል። “በጋ ና፣ አብረን ወጥተን፣ ቆመን እሰጥሃለሁ” አሉኝ። በጋ መጣ፣ ሁከት ተነሳና መንገድ ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል ይዘጋል፣ ስነሳ “ተመለስ” ይባላል። በዚህ መሐል ተማሪዎቻቸው ሁሉ ወደየአገራቸው ተበተኑ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት የእኔ ሦስተኛው ክፍል ነው።

የኔታ ስልክ የላቸውም። የሚያገናኙን የአክስታቸው ልጅ ሐጂ ኡመር ናቸው፤ ደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ይነግዳሉ። በአባታቸው በኩል አያታቸው ከየመን የመጡ ነጋዴ፣ በእናታቸው በኩል ግን ከየኔታ ጋር የሁለት እህትማማቾች ልጆች ናቸው። አንዱ የመጽሐፍ መምህር፣ አንዱ ሐጂ። እኛ አገር ይህን ብትናገር ሰው ቆም ብሎ ያይሃል፤ ወሎ ግን “እና?” ይሉሃል።

መንገዱ ተከፈተ ሲባል ለሐጂ ደወልኩ። “የኔታ እንዴት ናቸው? ልመጣ እኮ ነው” አልኩ። ዝም አሉ። ኔትወርኩ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እያልኩ ጮህኩ።

“ና” አሉኝ ቆይተው። “ናልኝ ልጄ፣ አላህ በሰላም ያምጣህ።”

ሰኞ

ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ወጣን። ወንበሬ የኋላ ጎማው ላይ ስለሆነ ጉልበቴ አገጬ ሥር ነበር። ደብረ ብርሃን አውቶቡሱ ለቁርስ ሲቆም አባቴ ጋቢ ታቅፎ መንገድ ዳር ጠበቀኝ።

“ደሴ ይበርዳል፣ ያዘው።”

“አባዬ፣ ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ብርድ ልፈራ?”

“የሰው አገር ብርድ ሌላ ነው” አለና ጋቢውን ጭኔ ላይ ጣለው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ እጄን ያዘኝ። “ምን ብለው እንደመለሱ ይዘህልኝ ና። ሳልሞት ልስማው።”

ከጣርማ በር በኋላ ብርዱ ከኋላችን ቀረ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ያ ጋቢ ጠላት ሆነብኝ፤ የማስቀምጥበት የለኝ፣ እንደ ሕፃን አቅፌው ላቤ ይንጠፈጠፋል። በየኬላው ውረዱ፣ መታወቂያ፣ ግቡ። አንዱ ፈታሽ መቅረጸ ድምፄን አገላብጦ አየና “ጋዜጠኛ ነህ?” አለኝ። “የታሪክ ተማሪ ነኝ” ስለው “ታሪክ እዚህ ሞልቷል፣ ምን ፍለጋ ትሄዳለህ?” ብሎ ሰጠኝ። ከሚሴን አልፈን ኮምቦልቻ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን የአውቶቡሱ ሞተር ጨሰ። ሾፌሩ ወርዶ ውሃ ቢያጠጣው እንደ ተቆጣ ሰው ተፋበት። ወርደን የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተደረደርን፣ ፀሐይዋም ጥላን ሄደች።

አጠገቤ የተቀመጠችው ከድጃ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ነች፤ ከገጠር ከእናቷ ዘንድ ቆይታ መመለሷ ነው። ምን እንደምማር ጠየቀችኝ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ረቺዎቹን፣ ዳኞቹን፣ አባቴን። በጥሞና ሰማችኝና “ኧረ ወላሂ ይገርማል! ታዲያ አንዴ ከተረቱ ወዲያ መልሳቸው ምን ያደርግልሃል?” አለች። ብዙ ነገር ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ “አባቴ ይፈልገዋል” ብቻ ወጣኝ። “እሱስ እውነት ነው” አለች።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን፣ እየተጎተትን ኮምቦልቻ የገባነው ሲመሻሽ ነው፤ አውቶቡሱ ከዚያ አያልፍም ተባለ፣ ወደ ደሴ የሚወጣ ሌላ መኪናም ቆሟል። ከድጃ “ከእኛ ግቢ እደር፣ አከራያችን ደግ ናቸው” ብላ ወሰደችኝ። አከራይዋ አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ የልጃቸውን ክፍል ለቀቁልኝ። እኛ ደብረ ብርሃን እንግዳ እንወዳለን፣ ግን ማን እንደሆነና የማን ልጅ እንደሆነ ሳናውቅ ቁልፍ አንሰጥም። ከድጃ ዳቦና ሻይ አመጣችልኝ፣ ሽሮም ከጎረቤቷ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ነገ በዚህ ሰዓት ሦስተኛው ክፍል በእጄ ነው እያልኩ! አይ እኔ!

ማክሰኞ

ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ ሙቀቱ በየመታጠፊያው ይቀንሳል፤ ጋቢዬን ለበስኩ፣ አባቴም ልክ ነበር። ሐጂ ኡመር መናኸሪያ ድረስ መጥተው ጠበቁኝ። አቀፉኝ። የወሎ ሰው ሰላምታ ረጅም ነው፣ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን የሐጂ ክንድ አልለቅ አለኝ።

“በሉ ሐጂ፣ ቦሩ ሜዳ እንሂድ” አልኩ ገና ሳይለቁኝ።

“ዛሬ አይሆንም።”

“ለምን? ገና ጠዋት እኮ ነው።”

“የመንገድ ሰው ነህ። ይጠጣል፣ ይበላል፣ ይታረፋል። ነገ ኢንሻአላህ አብረን እንወጣለን።”

ተከራከርኩ። ክርክር ለማጥናት መጥቼ በክርክር ተረታሁ።

ቤታቸው ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ምሳ አሰናድተው ጠበቁኝ። ዶሮውን ያረደውም፣ ወጡን የሠራውም ክርስቲያኑ ጎረቤታቸው ነው፤ ድስቱ፣ ጭልፋውና ሰሐኑ ለክርስቲያን እንግዳ ተብለው በአንድ ቁም ሳጥን ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ሐጂ ያን ዶሮ አይበሉም፤ ራቅ ብለው ዳቦና ፉላቸውን ይዘው እኔ ስበላ ያዩኛል። አበላላቸው አላማረኝም፣ ዳቦውን ይቆርሱና መልሰው ያስቀምጡታል። ስኳራቸው ተነስቶ ይሆናል አልኩ በልቤ።

እትዬ ዘሀራ ግን እኔን አልተዉኝም። “ብላ ልጄ፣ ጨምርበት።”

“እትዬ፣ ሆዴ ሊፈነዳ ነው።”

“ሆድ ሲጠና ልብም ይጠናል። ብላ።”

ከሰዓት ሐጂ ሱቃቸው ወሰዱኝ። ሰኞ ገበያ ሰውና ጋሪ እየተጋፋ መተላለፊያ የለም፤ እኛ አገር ገበያ ቀን እንደዚህ ነው፣ እዚህ ግን በየቀኑ ነው። የሱቁ አንዱ በር ብቻ ተከፍቷል። ነጋዴዎቹ እየመጡ ሐጂን ያዩና ወደ እኔ ዞር ብለው “ይሄ ነው?” ይላሉ። ሐጂ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ሰውየው እጄን በሁለት እጁ ይዞ “አብሽር” ይለኛል። ሌላው ይመጣል፤ “አብሽር ወንድሜ።” አብሽር አይዞህ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ምን ሆንኩና ነው አይዞህ የምባለው? የመንገዱ ድካም ፊቴ ላይ ቢታይ ነው ብዬ መስታወት ፈለግኩ። ታሪክ ተማሪ ነኝ፣ ማስረጃ መመርመር ሥራዬ ነው፤ ማስረጃው ሁሉ እየመጣ እጄን እየጨበጠኝ ምንም አልገባኝም።

አመሻሽ ላይ አባቴ ደወለ። “አገኘሃቸው?”

“ነገ ነው አባዬ። የደሴ ሰው ዶሮ ሳያበላ አያሰናብትም።”

ሳቀ። ሐጂ አጠገቤ ነበሩ፤ ሳቁን ሰምተው ተነስተው ወጡ።

ረቡዕ

ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ስወጣ ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ሐጂ፣ የሰፈሩ ቄስ፣ ትናንት እጄን ከጨበጡኝ ነጋዴዎች ጥቂቶቹ። ሁሉም ጋቢ ተከናንበዋል፣ ማንም “እንዴት አደርክ” አላለኝም።

ይህን ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። መርዶ እኛም አገር እንዲህ ነው። በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ለደከመና ለተራበ ሰው አይነገርም። ሰውየው እንዲበላና እንዲያድር ይደረጋል፣ ማለዳ ሰው ተሰብስቦ ይነግረዋል፤ ብቻውን እንዳይወድቅ።

“አባቴ ነው?” አልኩ።

“አይደለም፣ አይደለም ልጄ” አሉ ቄሱ ፈጥነው። “አባትህ ደህና ናቸው። የኔታ ናቸው ያረፉት።”

መዋሸት አልፈልግም፤ መጀመሪያ የመጣልኝ እፎይታ ነው። ተመስገን፣ አባቴ አይደለም። ያ እፎይታ ግን አንድ ትንፋሽ እንኳ አልቆየም። ሦስተኛው ክፍል! እንደ ሴት፣ እንደ ወንድ፣ እንደ ማን እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ እጄን የያዙኝ ሰዎች ብዙ ነበሩ። የየኔታ ተማሪ አድርገው ቆጥረውኛል፣ መምህር አባት ነው፤ ስለዚህ የሚነገረኝ እንደ ልጅ ነው። አርባቸው እንኳ ገና ነው አሉኝ። ትኩሳት ነው፣ ብዙም አልተኙም።

“ስደውልስ?” አልኳቸው ሐጂን። “ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም? ስንት መንገድ…”

“በስልክ?” አሉ ሐጂ። ያላሰብኩትን ነውር የጠየቅኳቸው ያህል አዩኝ። “ብቻህን ቤት ውስጥ ሆነህ? ማን ይይዝህ ነበር?”

እሳቸውስ? ያኔ ነው ፊታቸውን ያየሁት። ሐዘንተኛው ራሳቸው ናቸው። ከእናታቸው እህት ልጅ ጋር አብረው አድገው፣ አብረው አርጅተው፣ ቀብረውት መጥተው፣ ለእኔ ዶሮ አሳርደው ሱቅ ያስጎበኙኛል። የተቆጣሁት ቁጣ አፌ ውስጥ ቀረ።

ረፋዱ ላይ በሚኒባስ ቦሩ ሜዳ ወጣን። እዚያ ያለው ሆስፒታል አጠገብ ወርደን በእግር ሄድን። ገብሱ ደርሷል፤ ከደብረ ብርሃን ገብስ ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለውም፣ ነፋሱም ያው ነው። ሐጂ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሙ፣ እኔ ገባሁ። የመቃብሩ አፈር ገና ከፍ እንዳለ ነው፣ ድንጋይም አልተደረገለትም። ኪሴ ውስጥ መቅረጸ ድምፁ ይጎረብጠኛል። አውጥቼ ልወረውረው አሰብኩ፤ ደግሞ የትምህርት ቤት ንብረት ነው።

ስወጣ ሐጂ ወደ ሜዳው መሩኝ። ሣር ነው፣ ጥቂት ከብት ይግጥበታል። ምንም አይታይም፤ ፎቶ ለማንሳት እንኳ የሚሆን ነገር የለም።

“ሦስተኛው ክፍል የደረሰ ተማሪ ሲኖረው እዚህ ጋ ነበር የሚያቆመው” አሉ። “ከዚያ ይናገራል።”

“እርስዎ ሰምተው ያውቃሉ? ሦስተኛውን? ጥቂትም ቢሆን?”

ሐጂ ጥቂት ራቅ ብላ ወደምትታይ ዛፍ አዩ።

“በዕድሜዬ ሙሉ ከጎኑ አልጠፋሁም። ቤቱ ስሄድ ለተማሪ ሲያስተምር አገኘዋለሁ። ግን የሃይማኖታችሁን ነገር ሲጀምር ተነስቼ እወጣ ነበር። ለክብሩ ብዬ ነው፣ የእሱን ምሥጢር ቆሜ ላዳምጥ? እሱም እንደዚያው ነው፤ እኔ ስሰግድ ወጥቶ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። እንዲህ ነው የኖርነው።”

“እዚህ ሜዳ ላይስ?”

“እዚህም አንዴ አብሬው መጥቻለሁ፣ አንድ ተማሪ ይዞ። ሊጀምር ሲል ፈቀቅ አልኩ። ‘ኡመር፣ ቁም እንጂ፣ ይህን ብትሰማው ምን አለበት? የተረታ ሰው ቃል እኮ ነው’ አለኝ። እኔ ነውር መሰለኝ። እዚያ ዛፍ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ።” በእጃቸው አሳዩኝ። “ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይሰማኝም። ወላሂ አንዲት ቃል የለኝም ልጄ። አፉ በለኝ፣ ማረኝ።”

“ያ ተማሪስ?”

“በሁከቱ ጊዜ ሞቷል። ሌሎቹ ሳይደርሱበት ነው የተበተኑት።”

መልሱ በመከባበር ጠፋ። ጠላት አቃጥሎት ቢሆን የምቆጣው ሰው አገኝ ነበር። ዛፏን አየኋት፤ ከቆምንበት ድንጋይ ብትወረውር ይደርሳል። ሐጂ ዱዓ አደረጉ፣ እኔም ጸለይኩ፤ ያን ጊዜ ማናችንም ፈቀቅ አላልንም። ምን ዋጋ አለው።

ማታ አባቴ ሲደውል ስልኩን እያየሁት ጮኸ፣ ጮኸ፣ አነሳሁት።

“እህስ፣ ነገሩህ? ምን ብለው መለሱ?”

ዝም አልኩ። “ሃሎ! ሃሎ!” ይላል አባቴ። ሐጂ ያኔ ለምን ዝም እንዳሉ እንዲህ ነው የገባኝ።

“ነገ እመጣለሁ አባዬ” አልኩ። “መጥቼ እነግርሃለሁ።”

ሐሙስ

እትዬ ዘሀራ ለአባቴ ጭኮ ቋጥረው ሰጡኝ፤ ቅቤውና ገብሱ ሽታው አውቶቡሱን ሞላው። ሐጂ መናኸሪያ አደረሱኝ። “ለትምህርትህ ሌላ ነገር አታጣም፣ አብሽር” አሉኝ። አማካሪዬም ኋላ ያለኝ ይህንኑ ነው፤ ርዕስ ቀይር አለኝ፣ ሁለት ክፍልም ይበቃል አለኝ። ለመመረቂያ ይበቃ ይሆናል። የረቺና የዳኛ ቃል ይዤ የማን ልጅ ነኝ ልበል? ያ የተረታው ወገን በእኔ ጽሑፍም አፉ ተዘግቶ ሊቀመጥ ነው።

አውቶቡሱ ሲመለስ አልተበላሸም። ሲፈልጉት የማይገኝ ነገር ነው መልካም ጉዞ፤ እኔ ቶሎ መድረስ ባልፈለግኩበት ቀን በረረ። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያ አቀበቱ። ደብረ ብርሃን ገና ፀሐይ ሳለ ገባሁ።

አባቴ በር ላይ ነበር። አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

“መጀመሪያ ቁጭ በል አባዬ። ጭኮ ልከውልሃል፣ ቅመስ። እኔም ርቦኛል፣ አብረን እንብላ።”

ተቀመጠ። ጭኮውን ቆርሼ ሰጠሁት፣ አንዴ ጎረሰ። ሁለተኛ ልሰጠው ስል እጄን ያዘኝ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ መርዶ ሰምቷል፣ መርዶ አርድቷል።

“ሰውየው ሞተዋል” አለኝ።

“አዎ አባዬ።”

“መልሱንስ?”

“አልሰጡኝም። ሌላ የሚያውቅም የለም።”

የጎረሳትን ጭኮ በውሃ አወረደ። መስኮቱን አየ፣ እኔን አየ።

“እኔ እኮ” አለ፣ “እነዚህ ሰዎች የተረታው ቤት ሲሉን እስቅ ነበር። መልሳችን አንድ ሰው ዘንድ አለ፣ ገና አልተረታንም እል ነበር በሆዴ። አሁን ነው ልጄ የተረታነው።”

ከዚያ ተነስቶ፣ እነዚያ ሊመልሱ እንደቆሙት፣ ቆመ። ቁጭ በል ብለው፣ ብለምነው፣ እምቢ አለኝ።